ከሸራው ሥር ያየኋት ምጽዋ

ባለፈው ክረምት ቃሊቲ ዝናብ ያዘኝና ከአንድ የቆመ ተሳቢ ጎን ተጠለልኩ። ረዳቱ የጭነቱን ሸራ ሊያጥፍ ወደ ታች እየጎተተ ነበር። የረጠበው ሸራ ሽታ ድንገት አፍንጫዬ ውስጥ ገባ፤ ሰም፣ ናፍታ፣ የቆየ አቧራ። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ረዳቱ አየኝና «እህቴ፣ ናፍታው ነው፤ ወደዚያ ራቅ በይ» አለኝ። ራቅ አልኩለት። ምን ልበለው? ይህን ሽታ ያወቅሁበት ክረምት ሲያልፍ እሱ ገና አልተወለደም ነበር።

እኔ ምጽዋን አውቃታለሁ። ባሕሩን ሰንጥቆ ወደ መጀመሪያዋ ደሴት የሚሄደውን የድንጋይ መንገድ፣ መንገዱ ሲያልቅ ብቅ የምትለውን የማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ የንጉሡን ቤተ መንግሥት፣ ሁለተኛውን ድልድይ፣ ከዚያ ማዶ ያለችውን አሮጌ ከተማና ጫፏ ላይ ያለውን የሶሃባዎች መስጂድ ዓይኔን ጨፍኜ እሄድባቸዋለሁ። ግን አንድም ቀን ረግጫት አላውቅም። ምጽዋን ያየኋት ቃሊቲ ውስጥ፣ ከጭነት መኪና ሸራ ሥር፣ ጀሪካን ላይ ተቀምጬ ነው። ሦስተኛ ክፍልን ጨርሼ ትምህርት ቤት የተዘጋበት፣ ከኤርትራ ጋር ጦርነት የተጀመረበት ክረምት ነበር።

አባቴ ከወሎ የመጣ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ቤት የሚመጣው እንደ እንግዳ ነው፣ ሳንጠግበው ይሄዳል። ዋናው ቤት ውስጥ እኔና እማዬ ነበርን። ከጓሮ ባለችው አንድ ክፍል ደግሞ አባባ ኢድሪስና ሚስታቸው እማማ ሩቅያ ተከራይተው ይኖሩ ነበር። እነሱ ልጅ አልነበራቸውም፤ እኔም አያት አልነበረኝም። ስለዚህ ማንም ሳያስማማን ተስማማን።

አባባ ኢድሪስ የምጽዋ ልጅ ናቸው። በጉልበታቸው ጊዜ ትሬንታ ኳትሮ የሚባለውን የጣልያን ጭነት መኪና እየነዱ ከምጽዋም ከአሰብም ወደ መሀል አገር ጭነት ያመላልሱ ነበር። አንድ ጊዜ ባቲ ላይ መኪናቸው ተበላሸና መለዋወጫ እስኪመጣ ሲጠብቁ እማማ ሩቅያን አዩ። መለዋወጫው መጣ፤ እሳቸው ግን ተመልሰው እዚያው ባቲ ጎጆ ቀለሱ። ከብዙ ዓመት በኋላ ዓይናቸውን ሞራ ሲጋርደው መሪ መጨበጡ ቀረና ቃሊቲ መጥተው የመኪና ሸራ መስፋት ጀመሩ። ለዚህ ሥራ ከክረምት የተሻለ ጊዜ የለም። ዝናብ ሲመጣ ሹፌር ሁሉ የተቀደደ ሸራውን ያስታውሳል።

ሸራው ከቤታችን ጎን ባለችው የቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ በአጣና ላይ ይወጠራል። አባባ ኢድሪስ ረጅም በርጩማ ላይ ይቀመጡና መዳፋቸው ላይ ወፍራም ቆዳ አስረው፣ በሰም የታሸ ክር ያለበትን የጆንያ መርፌ ወደ ታች ይወጋሉ። እኔ ከሥር እቀበለውና ትንሽ ፈቀቅ አድርጌ ወደ ላይ እመልሰዋለሁ። እሳቸው ይስቡታል፤ ከዚያ እንደገና ይወጋሉ። ዓይናቸው ስለደከመ ከሸራው ጀርባ ዞረው እየፈለጉ መስፋት አይችሉም ነበር። ያለ እኔ ሥራው አይሄድም፤ ይህንን እኔም አውቅ ስለነበር ሰፈር ውስጥ የምኮራው ኩራት ለጉድ ነው።

«ከሥር ያለ ሰው አያወራም» ይሉኝ ነበር። «ወሬ የያዘው እጅ መርፌ ይበላዋል።» ጥያቄ የሚፈቀደው ክር ሲቀየር ብቻ ነው። ስለዚህ የሚያወሩት እሳቸው ነበሩ፤ ወሬያቸውም ሁልጊዜ አንድ ነው።

«እሺ፣ ያ ሰዓዳ፣ ዛሬ በየት በኩል እንግባ?» ይሉኛል ስሜን እንደ ዓረብ ጠርተው፣ መጀመሪያውን ስፌት ሲወጉ። መልስ አይጠብቁም። ከየብሱ በኩል ነው የሚገባው፤ በሌላ በኩል መግቢያ የለም።

አንድ ሕግ ነበራቸው። ሕጉን ያወረሷቸው አባታቸው ናቸው። ከሩቅ አገር ወደ ምጽዋ የገባ ሰው መጀመሪያ ሶሃባን መዘየር፣ ሄዶ መጎብኘት አለበት። ሶሃባዎቹ፣ የነቢዩ ባልደረቦች፣ ከመካ ሲሰደዱ ባሕሩን ተሻግረው መጀመሪያ የረገጡት መሬት፣ መጀመሪያ የሰገዱበት ቦታ እዚያ ነው። ግን ቦታው የከተማዋ መጨረሻ ጫፍ ላይ ነው። ታዲያ ሰውየው በከተማዋ ሁሉ ሲያልፍ አንገቱን ደፍቶ፣ ግራና ቀኝ ሳያይ፣ ቤተ መንግሥት አለ፣ ገበያ አለ ሳይል ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ሶሃባ ደርሶ ሁለት ረከዓ ሰግዶ ሲያበቃ ያን ጊዜ ቀና ይላል። ከተማዋን የሚያየው ሲመለስ ነው።

«ለምን?» አልኳቸው ክር ሲቀየር።

«እነሱ ስደተኞች ነበሩ። አንገታቸውን ደፍተው ነው የገቡት። አንተ ማን ነህና ቀና ብለህ ትገባለህ?»

ስለዚህ ሁልጊዜ ጉዟችን እንዲህ ነበር። ሲሄዱ ጸጥታ ነው፤ መርፌው ብቻ ይመላለሳል። እኔ ጨለማው ውስጥ አንገቴን ደፍቼ እሄዳለሁ። ከዚያ «ደረስን፤ ቀና በይ» ይሉኛል፤ እኔም የምር ቀና እላለሁ። ከዚያ ወሬው ይፈስ ነበር።

መጀመሪያ አሮጌዋ ከተማ። ቤቶቹ ከባሕር በወጣ ድንጋይ የተሠሩ ናቸው፤ ድንጋዩ ድሮ ሕይወት ነበረው አሉኝ። እኔ ታዲያ ቤቶቹ ክረምት በመጣ ቁጥር አንድ ክፍል የሚጨምሩ መስሎኝ፣ የምጽዋ ሰው የቤት ኪራይ የለበትም ብዬ ለእማዬ ነገርኳት። መስኮቶቹ በእንጨት ወንፊት የተሸፈኑ ናቸው፤ ሴቶች ከውስጥ ሆነው ያያሉ፣ ከውጭ ግን አይታዩም። ከመንገዱ ጎን አንድ በጣም ያረጀ መስጂድ አለ፤ ውስጡ ከጣሪያው የተንጠለጠለ የብርጭቆ መብራት አለ፤ ነፋስ ሲነካው ይንሿሿል። ከዚያ ድልድዩን እንሻገርና ቤተ መንግሥቱ። ነጭ ነው፤ ጣሪያው እንደ ድፎ ዳቦ ክብ ነው።

«እኔ ያየሁት ደኅና እያለ ነው» አሉኝ አንድ ቀን። «በኋላ በጦርነቱ መድፍ በስቶታል ይላሉ።»

«ታዲያ ለምን ሸራ አንለጥፍለትም?»

እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ መርፌ ወደ ታች አልወረደም።

የማርያም ቤተ ክርስቲያንን የሚነግሩኝ መጨረሻ ላይ ነው፤ የምጽዋ መውጫ እሷ ናት። «ከእኛ ቤት ጀርባ የምትኖረው አስቴር የምትባል ልጅ በበዓሏ ቀን ዳቦ ታመጣልን ነበር። እኛ ደግሞ በረመዳን ሳምቡሳ እንወስድላቸዋለን» ይላሉ። አስቴር ያገባችው ማንን እንደሆነ አንድ ቀን ብጠይቃቸው «ክር አልቋል እንዴ?» አሉኝ። ክሩ አላለቀም ነበር።

ስለ ባሕሩ ግን ብዙም አይገባኝም ነበር። ቀይ ባሕር ሲሉኝ የአቃቂ ወንዝ አንዳንድ ቀን ቀልቶ ስለሚወርድ አልገረመኝም። ወንዙ ክረምት ሲሞላ ይሸታል፤ ባሕር ያንን የሚያህል መቶ ወንዝ ከሆነ ሽታው አይጣል ነው ብዬ፣ ሰዎቹ አንገታቸውን የሚደፉት አፍንጫቸውን ለመሸፈን ሊሆን ይችላል ብዬ አስቤአለሁ።

እማማ ሩቅያ ይህንን ሁሉ ከአልጋቸው ሆነው ይሰሙ ነበር። እግሮቻቸው ከደረቁ ቆይተዋል። አባባ ኢድሪስ ጠዋት ያጥቧቸዋል፣ ያበስሉላቸዋል፤ ፀሐይ ብልጭ ካለች እንደ ሕፃን አቅፈው በር ላይ ያወጧቸዋል። እኔ ሌላ ባል ሚስቱን ሲሸከም አይቼ ስለማላውቅ ይህ የምጽዋ ባህል መስሎኝ ነበር። እማማ ሩቅያ አፋቸው አያርፍም።

«ባሕር፣ ባሕር፣ ባሕር! የባቲን የሰኞ ገበያ የሚያህል ነገር አለው ባሕርህ? ለሠላሳ ዓመት ወሬውን ብቻ አበላኸኝ።»

«እወስድሻለሁ አላልኩም?»

«ድሮ ብትወስደኝ እግር ነበረኝ። አሁን ምኔን ትወስዳለህ?»

አባባ ኢድሪስ ሶሃባዎች ላይ ሲደርሱ ግን እማማ ሩቅያ ነቀፋውን ትተው ወሬውን ይቀሟቸዋል። «ንጉሡ አሳልፎ አልሰጠም!» ይላሉ ከውስጥ ጮኸው። «የመካ ሰዎች ስጠን ብለው ስንት ስጦታ ይዘው መጡበት። አልሰጠም! የሐበሻ ንጉሥ!» ይህንን ሲሉ ድምፃቸው የሃያ ዓመት ሴት ድምፅ ይሆን ነበር።

ከዚያ ሬዲዮኑ ጦርነት አለ። ሰፈር ውስጥ ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ ማውራት ጀመረ። አንድ ሱቅ ጠዋት ሳይከፈት ቀረ። ከቧንቧው ተራ ላይ «ባለቤቱ ከዚያ ነው እኮ» ሲባል ሰማሁ፤ ከዚያ የሚሉት ከየት እንደሆነ አልገባኝም። እማዬ ግን ገብቷታል። አንድ ቀን ሽንኩርት እየላጠች አባባ ኢድሪስን አስቀመጠቻቸውና ነገሩን አወጣችው።

«አባባ፣ ሰው ከጠየቀዎት ከባቲ ነኝ ይበሉ።»

«ፋጡማ፣ እኔ እኮ...»

«ባቲ አልኖሩም? ኖረዋል። ሚስትዎ የባቲ አይደሉም? ናቸው። ውሸት የለበትም። ምጽዋን አያንሷት፤ በቃ፤ ስሟን አይጥሯት። በመኪና ወደ ባቲ እንዳልልክዎት እሳቸው አይነሱም፤ እሳቸውን ጥለው ደግሞ አይሄዱም።»

«ጥዬማ የት እሄዳለሁ?» አሉ። «ማን ያነሳታል?»

እማዬ ሰፈሩንም አስጠናች። ጎረቤቶቻችን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም «አባባ ኢድሪስ? የባቲ ሰው ናቸው» ማለትን ተለማመዱ። ጥሩ ሰዎች ነበሩ። እኔም ጨዋታው ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባባ ኢድሪስ ሲሰፉ ወሬውን ተዉት። መርፌው ይመላለሳል፤ እኔ ግን ከሥር ሆኜ በልቤ እሄዳለሁ፤ እሳቸውም እንደሚሄዱ አውቃለሁ። አሮጌዋ ከተማ ላይ ሲደርሱ ስፌታቸው ይዘገያል።

አንድ የማናውቀው ሰው የመጣው ዝናብ በሚጥልበት ከሰዓት ነው። ጥቁር ጃንጥላ ይዟል። እማዬ ወፍጮ ቤት ሄዳለች። እኔ ከሸራው ሥር ነበርኩ፤ ያየሁት ጭቃ የያዘ ጫማውንና ከጃንጥላው የሚንጠባጠበውን ውኃ ብቻ ነው። ቤት ለቤት እየዞርኩ ነዋሪ እየጠየቅሁ ነው አለ። ድምፁ ክፉ አልነበረም፤ የደከመ ሰው ድምፅ ነበር።

«አባት፣ አገርዎ የት ነው?»

«ባቲ» አሉ አባባ ኢድሪስ። መርፌው ወረደ፣ መለስኩት።

«ጥሩ» አለ ሰውየው። ዝናቡ ባሰ። ልሂድ ቢልም የሚሄድበት ዝናብ አልነበረም። ሌላውን በርጩማ ስቦ ተቀመጠና ሸራውን በእጁ ዳሰስ አደረገ። «ይሄ ሽታው ወደብ ያስታውሰኛል። እኔ ወታደር ሆኜ ምጽዋ ነበርኩ።»

መርፌው ወረደ፣ መለስኩት።

«ያ ሙቀት! ሌሊት ሁላችንም ውጭ ነበር የምንተኛው። ግን አገሩ ያምር ነበር። ቤተ መንግሥቱ፣ መጨረሻው ጫፍ ላይ፣ ከወደቡ በር አጠገብ...»

መርፌው ወረደ። ተቀበልኩት፤ መለስኩት። ቤተ መንግሥቱ ከወደቡ በር አጠገብ አይደለም። እኔም አውቃለሁ። ከሥር ያለ ሰው ስለማያወራ ከንፈሬን ነከስኩ።

«ማርያምም ከዚያው ከጎኑ ነበረች» አለ ሰውየው።

መርፌው አልወረደም።

«ያቺ ጫፍ ላይ ያለችው ደግሞ፣ የሶሃባ የሚሏት መስጂድ... እሷንስ የሠራት ቱርክ ነው አሉ። ሶሃባ የሚሉት እንዲያው ሰው ያወራው ነው።»

«አይደለም!» አሉ አባባ ኢድሪስ።

በርጩማው ሲጥ ሲል ሰማሁ፤ ተነስተው ነበር።

«አይደለም! ቱርክ ከመምጣቱ በፊት ስንትና ስንት ዘመን እዚያ ተሰግዶበታል! እንደ ድሮው ሰጋጆች ወደ ኢየሩሳሌም የዞረውን ቂብላውን አይተኸዋል? አላየኸውም። ማርያም ደግሞ ከቤተ መንግሥቱ ጎን አይደለችም፤ የመጀመሪያው መንገድ እንዳለቀ ነች። ቤተ መንግሥቱ በሌላኛው ጫፍ ነው፤ ወደ አሮጌዋ ከተማ ስትሻገር በግራ በኩል ነው። ወደቡ ከድልድዩ ማዶ ነው! ወታደር ነበርኩ ትላለህ፤ አንገትህን ደፍተህ ነበር እንዴ የኖርከው?»

ከዚያ አላቆሙም። ሳምንታት የታመቀው ሁሉ ወጣ። የእንጨት መስኮቶቹ፣ የብርጭቆ መብራቱ፣ የውኃ ጉድጓዱ፣ ዓሣ በምድጃ የሚጠብሰው የየመን ሰውዬ፣ ጀልባ የሚያዝበት ቦታ። እንዲያ ሲያምር ሰምቼው አላውቅም ነበር። እኔ ከሥር ሆኜ በደስታ ላብድ ደርሻለሁ። አሸነፉት! የእኔ አባባ ኢድሪስ ትልቁን ሰውዬ አፉን አስያዙት።

ሲጨርሱ ዝናቡ ብቻ ይሰማ ነበር። ከዚያ ሰውየው በቀስታ፣ የሚያዝን በሚመስል ድምፅ፣ «አባት፣ ባቲ ባሕር አለ እንዴ?» አለ።

ጭቃማው ጫማ ተነሳና ጃንጥላው ተከፈተ። ሰውየው ስለ ምጽዋ ያንን ሁሉ ያወራው አጥምዶ ይሁን፣ ወይስ የምሩን ወደቡ ናፍቆት፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሁለቱም ይሆናል። ሁለቱም መሆኑ ነው የሚያቃጥለኝ።

እማዬ ከወፍጮ ቤት ስትመለስ በር ላይ ሮጬ ደረስኩባትና «እማዬ፣ አባባ ኢድሪስ አሸነፉት!» ብዬ ሁሉንም ነገርኳት። ዱቄቱን ከነጆንያው ጭቃው ላይ አስቀመጠችው። ዱቄት ጭቃ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው አይቼ ስለማላውቅ ደነገጥኩ።

እማማ ሩቅያ ውስጥ ሆነው ሰምተዋል።

«ለምን፣ ኢድሪስ? ለምን?»

«ቱርክ ነው የሠራው አለ እኮ። የሶሃባዎቹን እኮ ነው። ዝም ልበል?»

«ዝም በል! ይበል! ጣልያን ሠራው ቢልስ ምን አገባህ? መስጂዱ አንተ ስላልተናገርክለት ይፈርሳል?» ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። «አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም አሉ። ማን ያነሳኛል አሁን? ንገረኝ እስቲ፣ ማን ያነሳኛል?»

አባባ ኢድሪስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ያሹላቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት በጥድፊያ ሰፉ። አንድ ትልቅ የተሳቢ ሸራ ጀምረው ነበር፤ ባለቤቱ ይጠብቃል። ሥራ ሳይጨርሱ መሄድ አይወዱም ነበርና። ስፌታቸው ፈጠነ፣ እጄም አበጠ። አንድ ጊዜ ክር ሲቀየር «ለምንድነው የምንቸኩለው?» አልኳቸው። «መንገድ ሊኖርብኝ ይችላል» አሉ። ወዴት ብዬ አልጠየቅኩም፤ እሳቸው የሚያውቁት አንድ መንገድ ብቻ መሆኑን አውቃለሁ።

አንድ ጠዋት ገና እየሰፋን ሳለ መጡ። ሁለት ሰዎች ናቸው፤ መኪናቸው ከበሩ ውጭ ሞተሩ ሳይጠፋ ቆሟል። ባለ ጃንጥላው የለም። አባባ ኢድሪስ አልተከራከሩም። «አንዴ ላውጣት» ብቻ አሉ። ፀሐይ አልነበረችም፤ ሰማዩ እንደ ድስት ክዳን ተደፍቶብናል። ቢሆንም እማማ ሩቅያን አቅፈው በር ላይ አወጧቸው፣ ትራስ አስደገፏቸው፣ ጋቢውን እግራቸው ሥር ሸጎጥ ሸጎጥ አደረጉ። ጋቢውን ሸጉጠው ከጨረሱ በኋላም እንደገና ሸጎጡት።

እማማ ሩቅያ ሰዎቹን አይተው «ወዴት ነው የምትወስዱት?» አሉ።

«ወደ አገሩ፣ እማማ።»

«በዚያ በኩል የመጡትን እኮ ይቺ አገር አሳልፋ አልሰጠችም ነበር። ወርቅ ቢመጣባትም አልሰጠችም።»

ከሁለቱ ልጅ እግሩ መሬት መሬት አየ። «እማማ፣ እኛ ታዘን ነው» አለ።

እኔ ሮጬ እጃቸውን ያዝኩ። «ወደ ምጽዋ ነው?» አልኳቸው። አዩኝ። ሞራ የጋረደው ዓይናቸው ላይ ውኃ ነበር፤ ዓይናቸው ግን ሁልጊዜም ውኃ ስለማያጣው ምንም አልመሰለኝም።

«አዎ፣ ያ ሰዓዳ። አብሽሪ፣ አይዞሽ። ሶሃባን እዘይርልሻለሁ። እሷን አደራ።»

ከዚያ ወጡ። አንገታቸውን ደፍተው፣ ግራና ቀኝ ሳያዩ፣ ዞር ሳይሉ ሄዱ። በራቸው ላይ የቆሙትን ጎረቤቶች ቀና ብለው አላዩም፤ ሰላምም አላሉም። ሰው ሁሉ ያለቅስ ነበር። እኔ ብቻ ምን እያደረጉ እንደሆነ አወቅኩ። ሕጉን ከአሁኑ ጀምረዋል። ሶሃባ እስኪደርሱ ቀና አይሉም።

እኔም አለቀስኩ። ጎረቤቶች «አይ የልጅ ልብ! እንዴት ትወዳቸዋለች» እያሉ አቀፉኝ። እኔ ያለቀስኩት ስላልወሰዱኝ ነበር።

የት እንዳደረሷቸው ማንም አልነገረን። አባቴ በሹፌሮች በኩል አጠያየቀ፤ አንዱ በአሰብ በኩል ነው አለ፣ ሌላው በዛላንበሳ። ብዙ ዓመት አልፎ ስልክ ተከፈተ፣ መንገድ ተከፈተ የተባለ ጊዜ ሰው ሁሉ የጠፋ ዘመዱን ሲፈልግ እኔም ስልኬን አንስቼ ነበር። ያን ጊዜ ነው የአባታቸውን ስም እንደማላውቅ የገባኝ። የመስጂዱን ቂብላ አውቃለሁ፣ የአስቴርን ዳቦ አውቃለሁ። «ኢድሪስ» ብቻ ብሎ ማን ይጠየቃል? ስልኩን አስቀመጥኩት። መንገዱም ተመልሶ ተዘጋ።

በዚያ ክረምት ግን እኔ የት እንዳሉ አውቅ ነበር። ማታ ማታ ለእማማ ሩቅያ ሾርባ ይዤ ስገባ እሳቸው ራሳቸው ይጠይቁኛል። ባሕር፣ ባሕር፣ ባሕር አትበለኝ ሲሉ የኖሩት ሴትዮ።

«ዛሬ የት ደርሷል?»

«የመጀመሪያው መንገድ ላይ ናቸው። ግራና ቀኙ ባሕር ነው።»

«ቀና ብሏል?»

«ኧረ ገና! ሶሃባ አልደረሱም እኮ።»

በማግሥቱ ማርያምን ያልፋሉ። ሌላ ቀን ቤተ መንግሥቱን። ከተማዋ ግን ትንሽ ናት፤ ልታልቅብኝ ሆነ። ባቡር እስኪያልፍ ድልድዩ ጋ አስቆምኳቸው። ሙቀት ስለበዛ ጥላ ሥር አሳረፍኳቸው። እማማ ሩቅያ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። አንዳንድ ጊዜ ይረሱታል ብዬ አባባ ኢድሪስን ወደ ኋላ ስመልሳቸው «እሱን እኮ ትናንት አልፎታል» ይሉኛል።

እማዬና ጎረቤቶች በየተራ ያነሷቸው ነበር። ግን አባባ ኢድሪስ የሚያነሱበት አነሳስ ነበር፤ ያንን ማንም አላወቀበትም። ሲያነሷቸው ያማቸዋል። በኋላ ተዉኝ አሉ። መብላቱንም ተዉት።

አንድ ከሰዓት ፊታቸውን ሳየው ፈራሁና እንዲያው ደስ እንዲላቸው ብዬ «እማማ፣ ደረሱ!» አልኳቸው። «ሶሃባ ደረሱ፤ ሰገዱ፤ ቀና አሉ!»

አልሐምዱሊላህ ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። ዓይናቸውን ገለጡና ለረጅም ጊዜ አዩኝ።

«አልደረሰም፣ ልጄ።»

«ደርሰዋል! አንገታቸውን ደፍተው ሲወጡ አላዩም? ሕጉን ይዘው እኮ ነው።»

«ሕጉን አልነበረም የያዘው። አፍሮ ነው። እኔን ጥሎኝ ስለሚሄድ፣ ጎረቤቱ ፊት እንደ ሌባ ስለሚወሰድ አፍሮ ነው።» እጃቸውን ዘርግተው ጉንጬን ነኩኝ፤ እጃቸው ቀዝቃዛ ነበር። «ለዝየራ አልሄደም፣ ሰዓዳ። ወሰዱት። እንዲህ የወሰዱት ሰው ቀና አይልም። ከእንግዲህ አትንገሪኝ።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

አዲሱ ዓመት ሳይገባ ሞቱ። ጎረቤቱ ሁሉ ቀበራቸው፤ ሰላቱ ላይ ክርስቲያኖቹ ከኋላ ቆመው ጠበቁ። አፈሩ እርጥብ ነበር። ከባቲም ከምጽዋም ማንም አልመጣም።

ከቀብሩ በኋላ የሸራው ባለቤት ረዳቱን ላከ። እንዳለ ስጡኝ፣ ሌላ ሰው ይጨርሰዋል ብሏል። እማዬ ረዳቱን ውስጥ አስገብታ የተረፈውን ክርና ሰም ስትሰበስብ፣ እኔ ለመጨረሻ ጊዜ ከሥር ገባሁ። ጀሪካኗ እንደነበረች ናት። ጨለማው፣ ሽታው፣ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ያው ነው። አባባ ኢድሪስ ያቆሙበት ስፌት ጋ መርፌው ከነክሩ ወደ ታች ተወግቶ ቀርቷል፤ የመጨረሻውን እኔ ሳልመልስላቸው ነው የመጡባቸው።

መርፌውን ያዝኩት። ትንሽ ፈቀቅ አደረግኩና ወደ ላይ ወጋሁት። በእጄ ሙሉ ገፋሁት፣ እስከ መጨረሻው። ከሥር ያለ ሰው አያወራምና ዝም ብዬ ጠበቅሁ።

ማንም አልሳበውም።